ለአባባ፣ ከሊዮን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም አድገዋል፤ ትልቁ በቁመት እኔን ደርሷል፣ ትንሿ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘችውን ሁሉ እየደረደረች ግንብ ትሠራለች። ባለፈው በስልክ ስለ ዓይንዎ ስጠይቅዎ ወሬውን ወደ ዝናቡ መለሱት፤ እኔም ዝም አልኩ። በስልክ አልወጣ ያለኝን በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

ልጽፍልዎ የፈለግሁት ስለ አንድ የግንበኛ ልጅ ነው። ፊሊቤር ዴሎርም ይባላል፤ እኔ በምኖርባት በሊዮን በ1514 ገደማ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። አባቱ የግንበኞች አለቃ ነበር፤ ልጁንም ከሥራው ቦታ አላራቀውም። ዴሎርም ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ገና በ15 ዓመቱ በየቀኑ ከ300 በላይ ሠራተኞችን ያዝዝ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ከዚያ ሮም ሄዶ የጥንቱን ፍርስራሽ ሲለካ ቆየ። በ1536 ሲመለስ እዚህ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ጁዊቭሪ በሚባለው ጠባብ መንገድ፣ አንድ ባለሀብት በግቢው ወዲህና ወዲያ ያሉትን ቤቶች የሚያገናኝ መተላለፊያ እንዲሠራለት ጠየቀው። ግቢው ጠባብ ነው፣ የውኃ ጉድጓድም አለበት፤ ምሰሶ ቢተከልበት መላወሻ አይተርፍም። ስለዚህ ዴሎርም መተላለፊያውን መሬት ሳያስነካ ከፍ አድርጎ አሻገረው። በሁለቱ ማዕዘን ያሉትን ክፍሎች የሚሸከማቸው ከግድግዳው ጥግ በጠባቡ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚወጣ የድንጋይ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በየጎኑ በተለያየ ማዕዘን ተጠርቦ ጎረቤቱን ተደግፎ፣ ጎረቤቱንም ደግፎ ተቀምጧል። ሥራው እስከ ዛሬ አለ። ከሥሩ ቆሜ ቀና ባልኩ ቁጥር፣ እርስዎ ቢያዩት ምንም ሳይናገሩ በመጀመሪያ በመዳፍዎ እንደሚዳብሱት አስባለሁ።

ኋላ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሄንሪ ዳግማዊ የሕንፃ ሥራዎች የበላይ ሆነ። ለንጉሡ ወዳጅ ለዲያን ደ ፑዋቲዬ አኔ በሚባል ስፍራ የሠራው የጸሎት ቤት ጉልላቱ በተጠላለፉ የድንጋይ መስመሮች ያጌጠ ነው፤ የወለሉም እብነ በረድ ያንኑ ሥዕል ይከተላል። በ1559 ንጉሡ ሲሞት ግን ዴሎርም ወዲያው ከሥልጣኑ ተሻረ። ሥራ ፈትቶ መጻፍ ጀመረ። በ1561 ያሳተመው መጽሐፍ ረጃጅም ወፍራም እንጨት በጠፋበት ጊዜ አጫጭር ሳንቃ በሽብልቅ እያያያዙ ሰፊ ጣሪያ እንዴት እንደሚሸፈን ያስተምራል። የእማማን ጎተራ ክዳን በቁርጥራጭ እንጨት የገጣጠሙበትን ክረምት አስታወሰኝ።

በ1567 ደግሞ ትልቁን መጽሐፉን አወጣ። በእሱ ውስጥ ጠራቢዎች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአለቃ ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ ሲያስተላልፉት የኖሩትን የድንጋይ አጠራረብ ስሌት በሥዕልና በመስመር ለማንም አንባቢ ገለጠ። አዩ አባባ፣ የሠራው አብዛኛው ፈርሷል፤ የአኔ ግንብ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ለድንጋዩ ተብሎ ተናደ፣ በ1564 ለንግሥት ካትሪን የጀመረው የፓሪሱ ቱይለሪ ቤተ መንግሥት በ1871 ተቃጥሎ በ1883 ፍርስራሹ ተጠረገ። የጻፈው ግን አለ።

እኔስ? የደብሩን በር ቅስት ያሠሩ በነበረበት ጊዜ ቱንቢውን ይዤ ካጠገብዎ ስቆም «ሂጂ፣ ደብተርሽን ያዢ» ብለው መለሱኝ። የጎረቤት ወንዶች ልጆች ኖራ ሲያቦኩ፣ ጥርብ ሲያቀብሉ፣ የእኔ ድርሻ ምሳ አድርሶ መመለስ ብቻ ነበር። ለደግ እንዳሰቡልኝ አውቃለሁ፤ ወገብዎን የሰበረው ሥራ እኔን እንዳይነካኝ ነው፤ የተማርኩትም በዚያው ድንጋይ ገንዘብ ነውና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ቅስት ለምን እንደሚቆም፣ ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከእርስዎ አፍ መስማት ሲገባኝ ከሞተ ከ450 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው መጽሐፍ መማሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ቀን «ነይ፣ ይህን ያዢልኝ» ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎ ነበር?

በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ሁለት ሥዕሎች አሉ። መጥፎው የሕንፃ ባለሙያ እጅም ዓይንም የለውም። ጥሩው ሦስት ዓይን፣ አራት ጆሮ፣ አራት እጅ አለው፤ ከፊቱ ለቆመ ወጣትም እውቀቱን በጥቅልል ያቀብለዋል። ስለ ሦስቱ ዓይኖች ሳነብ የእርስዎ ዓይን ትዝ ይለኛል፤ ሞራው እየጨመረ ነው ብሎኛል ወንድሜ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ አልጽፈውም። እባክዎ ሐኪሙ የሰጠውን ቀጠሮ አያሳልፉ፤ ሞራውን ለማስገፈፍ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ጣሪያ ለመጠገን መሰላል ላይ ወጥተው እንደነበርም ሰምቻለሁ፤ ይህን ደግሞ በፍጹም አይድገሙት፤ ሠራተኛ ይቀጠር።

ዓይንዎ ሲሻልዎ ወንድሜ ስልኩን ከፊትዎ አስቀምጦ ድምፅዎን ይቅዳልኝ። በመጀመሪያ ስለ ደብሩ በር ይንገሩኝ፦ ቅስቱ ስንት ድንጋይ ነበረው? ከሥሩ ያቆሙት ድጋፍ ከምን እንጨት ነበር? የመሃሏን ድንጋይ ካስገቡ በኋላ ድጋፉን ለመንቀል ስንት ቀን ጠበቁ? ቀሪዎቹን ጥያቄዎቼን ለብቻ በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ።

ልጅዎ