የባህልና ቅርስ ክበብ፦ ከፋሲል ግንብ ደጃፍ

ክበባችን ዘንድሮ 41 አባላት ነበሩት። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፣ በሰልፍ ላይ ጽሑፍ አቅርበናል፣ በወላጆች ቀን ቡና አፍልተን ፈንዲሻ ሸጠናል። ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እኔ የምጽፈው ስለ ጎንደሩ ጉዞ ነው፤ "የእናንተ ክበብ ሥራው ሽርሽር ነው" የሚሉኝ ባልደረቦቼም ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የፈንዲሻው ገንዘብ የበቃው ለአንድ ኮስተር ነው። በዕጣ 26 ልጆች ሄዱ፣ 15ቱ ቀሩ። አንዲት ዕጣ ያልወጣላት የ5ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ለጓደኛዋ ሰጥታ "የእኔንም ጻፊልኝ" ስትላት ሰማሁ። ትራንስፖርቱን እንችላለን ያለን አካል እስከ ዋዜማው "ነገ ደውሉ" ሲለን ከረመ። ከዚህ በላይ አልልም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሳን፤ ወረታ ላይ ነጋልን፣ አዲስ ዘመን ቁርስ በላን፣ ረፋዱ ላይ ጎንደር ገባን። አስጎብኚው ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. እንደቆረቆሯት፣ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ሲያስረዳ ሁሉም ይጽፋል። አንዱ የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ በሩን ያያል። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

"ቲቸር፣ የቅስቱ ድንጋይ ሌላ ነው" አለኝ።

እውነትም ግድግዳው ጥቁር፣ የበሩ ዙሪያ ቀላ ያለ ነው። ጣቱን ወደ ድንጋዩ መጋጠሚያ ሲያስጠጋ "እንዳትነካ!" አልኩት፤ ደንግጬ ነው። "አልነካም። ይሄ ሲሚንቶ አይደለም፣ ኖራ ነው። ጥቁሩ ለመጥረብ እምቢ ይላል፤ ቀዩ እሺ ስለሚል ነው ለቅስት የሚሆነው።" አባቱ ግንበኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት ይውላል። አስጎብኚው ሰምቶት ኖሮ "ና ወደ ፊት፣ አንተ አስረዳ" አለው። አስረዳ። መጀመሪያ ያሳሳቁት ልጆች ሳይቀሩ ጻፉ።

እዚያው ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች በሁለት ቡድን ቆጠሩ። ቁጥራቸው አልገጠመም፤ ክርክሩ እስከ ማክሰኚት ዘለቀ። እዚያው ጎማ ፈነዳብንና ባሕር ዳር የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በር ላይ የጠበቃችሁን ወላጆች አሁንም ይቅርታ።

ለመጪው ዓመት ያሰብነው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ ቤተ መንግሥቷን ያየነው እቴጌ ምንትዋብ ደቅ ደሴት ላይ ያሠራችው ነው፤ የጣና ልጆች ሆነን አንድም አባል አላየውም። የሞተር ጀልባ ኪራይ ግን በፈንዲሻ አይሸፈንም። ከተገኘ ቅድሚያው ለቀሩት 15 ልጆች ነው።

ያ ልጅ የፋሲልን ግንብ በጭቃ ሠርቶልናል። ማስቀመጫ ስለሌለን ዕቃ ክፍል መስኮት ላይ ነው፤ ከአራቱ ማማዎች አንዱን ድመት ጥላዋለች። ሦስቱ ሳይወድቁ ባለመስታወት ሣጥን የሚሰጠን ካለ፣ ሐሙስ ከሰዓት እዚያው ነን።