በፖታሲየም ናይትሬት ስም ሌላ ጨው ስለተሸጠልን የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬሚካልና ላብራቶሪ ዕቃ አቅራቢ ድርጅታችሁ፣ ሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ፖታሲየም ናይትሬት ብላችሁ የሸጣችሁልን ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ስላገኘሁት ባለፈው ሳምንት ደውዬላችሁ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ «ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ለተማሪ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ዘጋሁ። መልሱን አሁን በጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በጥቅምት ወር ትምህርት ቤታችን ከእናንተ ባለ 500 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ሁለት ጠርሙስ ገዛ። ደረሰኙም የጠርሙሱ ጽሑፍም ይህንኑ ይላሉ። የፈለግነው ለአንድ ሙከራ ነው። አንድ ጨው በቀዝቃዛና በሙቅ ውኃ ምን ያህል እንደሚሟሟ ልጆቹ ራሳቸው እንዲለኩ። ለዚህ ፖታሲየም ናይትሬትን የሚያህል የለም። 100 ግራም ውኃ በ20 ዲግሪ 32 ግራም ያህል ብቻ ያሟሟል። በ60 ዲግሪ ግን 110 ግራም ገደማ። የገበታ ጨው ቢሞቅም ባይሞቅም ከ36 ብዙ ፈቀቅ አይልም። ናይትሬቱን ያየ ልጅ ግን ሙቀት ምን እንደሚሠራ አይረሳውም።

በ20 ዲግሪ ስንለካ 34 መጣ። ከመጽሐፉ ትንሽ ይበልጣል። በእኛ አሮጌ ሚዛን ይህ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት።

ጉዱ የመጣው ስናሞቀው ነው። 25 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውኃ ላይ 20 ግራም ጨመርን። ቤከሩን 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ውስጥ አቆምነው። ሁሉም ሙልጭ ብሎ መሟሟት ነበረበት። ግማሽ የሚጠጋው ግን ከታች ቁጭ አለ። ልጆቹ ክንዳቸው እስኪዝል አማሰሉት፣ ምንም። ከላይ ከጠራው ሶሉሽን 12 ግራም ቀድተን ውኃውን አተነንነው። የቀረው ጨው 3.8 ግራም ነበር፣ የተነነው ውኃ 8.2። በ100 ግራም ውኃ ሲሰላ 46 ይሆናል። 110 የት፣ 46 የት! ሲቀዘቅዝ ይወርዳሉ ብለን የጠበቅናቸው ረጃጅም መርፌ መሳይ ክሪስታሎችም አልመጡም። የወረዱት ጥቂት ኩብ መሳይ ፍሬዎች ነበሩ።

ስድስቱም ቡድን ከ45 እስከ 47 አገኘ። ጥፋቱን የልጆቹ አደረግኩት። «ሙቀቱን አልጠበቃችሁም» ብዬ ለሁሉም ከ10 አምስት አምስት ሰጠሁ። አንዷ ተማሪዬ ሪፖርቷ ላይ 110 ጽፋለች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ስይዘው በላጲስ ከተላጠው ቦታ ሥር 46 ይታያል። ለምን እንዳጠፋችው ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ መጽሐፉ እንደዛ ስለሚል ነው» አለችኝ። ትክክል የለካችውን ልጅ ቁጥሯን እንድትደልዝ ያደረግናት እኔና እናንተ ነን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዚያው ቀን ማታ ብቻዬን ላብ ገብቼ ደገምኩት። ያው 34፣ ያው 46። እሳት ላይ ሲያዝ ነበልባሉ ፈዛዛ ሐምራዊ ሆነ፤ ስለዚህ ፖታሲየምነቱ እውነት ነው። ቀጥዬ ጥቂቱን አሟሙቼ ናይትሪክ አሲድና ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ረጋ። ዲስትልድ ውኃው ብቻውን ሲሞከር ጥርት እንዳለ ቀረ። ናይትሬት እንዲህ አያደርግም፣ ክሎራይድ ነው እንዲህ የሚያደርገው። 34 እና 46 ደግሞ ልክክ ብለው የፖታሲየም ክሎራይድ ቁጥሮች ናቸው።

ሠራተኛችሁ ለጠየቀኝ ጥያቄ ከዚህ የሚከብድ መልስም አለኝ። የእኛ ጠርሙስ ውስጥ ክሎራይድ ከገባ፣ የእኛ ናይትሬት ማን ጋ ነው ያለው? ምናልባት «ክሎራይድ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት አንድ ሌላ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ናይትሬት እሳት ያባብሳል። ከሚቃጠል ነገር ርቆ መቀመጥ አለበት። ክሎራይድ ነው ብሎ ያመነ ሰው ይህን ጥንቃቄ በምን ምክንያት ያደርጋል? የገንዘቡን ነገር በኋላ እንመለስበታለን፤ ይህኛው ግን ቀን የሚሰጥ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የባች ቁጥሩን (ዕቃው በየትኛው ዙር እንደገባ የሚያሳየውን ቁጥር) ተከታትላችሁ ከዚያው ዕቃ የወሰዱትን ሁሉ ደውላችሁ አስጠንቅቁልኝ። ለእኛ ሁለቱን ጠርሙስ ቀይሩልን፤ ስትልኩም የምርመራ ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይምጣ። ሌላ ጊዜ ከትልቁ ከረጢት ወደ ጠርሙስ ስትገለብጡ ከእያንዳንዱ ቁንጥር አድርጋችሁ በሲልቨር ናይትሬት ሞክሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዱ ጠርሙስ እንደታሸገ አለ። መጥታችሁ በእኔ ፊት መክፈትና መመርመር ትችላላችሁ። ለስድስቱም ቡድን ነጥባቸውን መልሼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሙከራውን እንደግመዋለን ብዬ ቃል ስለገባሁላቸው፣ መልሳችሁን በዚህ ሳምንት በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኬሚስትሪ መምህሩ