ሁለት ባትሪ በአንድ መኪና ላይ ስለማገናኘት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ካለፈው ወር ጀምሮ አሮጌና አዲስ ባትሪ አብሮ ማሰርም ሆነ ሁለት ባትሪ አገናኝቶ በአንድ ቻርጀር መሙላት ማቆማችን ብዙዎቻችሁን አስከፍቷል። ሳትሰሙ መጥታችሁ ለተመለሳችሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን የሚቀየር አይደለም፤ ምክንያቱን ከእኔ እንድትሰሙት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ «ብር ለማብዛት ነው» መባሉ ነው። ሥራውን የተማርኩት ሶማሌ ተራ፣ ለታላላቆቼ መፍቻ እያቀበልኩ ነው። ዓለም ገና ጅማ መንገድ ዳር ስንከፍት የነበረን አንድ ኮንቴይነርና አንድ ቻርጀር ብቻ ነበር። የአየር ጤና ሚኒባስ ሾፌሮች በብርዱ ማለዳ ሞተሪኖው አልዞር ሲላችሁ የምታንኳኩት የእኛን በር ነው። የቀን ገቢያችሁ እንዳይቀር የራሳችንን ባትሪ አውሰን «ማታ ትመልሱታላችሁ» ብለን ስንሸኛችሁ መያዣ ጠይቀን አናውቅም። ገንዘብ ብቻ ብፈልግ ኖሮ አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጋር አስሬ ዝም እላለሁ፤ በወራት ውስጥ ሁለቱም ሲሞቱ ሌላ መሸጤ አይቀርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኒባስና የቤት መኪና ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ነው። ለሞንታርቦ ብላችሁ ሁለተኛ ባትሪ ስታስጨምሩ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይገናኛል፤ ቮልቱ 12 እንዳለ ይቀራል፣ የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን (አምፒር ሰዓት የምንለው) ግን ይደመራል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ በዚህ ምንም ክፋት የለም። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። በውስጡ ካሉት ስድስት ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ ሾርት ያደረገበት ደግሞ 10.5 አካባቢ ይቀራል። እነዚህን ሁለቱን ስታገናኙ ጤነኛው ወደ በሽተኛው መፍሰስ ይጀምራል፤ ቁልፍ ተነቅሎ፣ መኪና ቆሞ እንኳ አያቋርጥም። ኬብሉ ቀጭን ከሆነ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ይግላል። ብርቱና ደካማ በሬ በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው፤ ጠዋት ሁለቱም ወድቀው ይገኛሉ።

አገናኝቶ መሙላቱ ደግሞ ይብሳል። ቻርጀሩ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። ደካማው ኃይሉን እየሳበ ይግላል፣ አሲዱ ይፈላል፣ ጤነኛው ሳይሞላ ይቀራል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣዋል፤ ቻርጀሩ ሳይጠፋ መቆንጠጫው ሲነቀል የምትፈጠር አንዲት ብልጭታ ባትሪውን አፈንድታ አሲዱን ሰው ፊት ላይ ልትረጭ ትችላለች። ቻርጀሩ አጠገብ የሚውሉት ወላጆቻቸው በአደራ የሰጡኝ ልጆች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው፣ በዝግታ እንሞላለን፤ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዘውን በ7 አምፒር ገደማ። ባዶውን ከመጣ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይረዝማል። «ሌላ ቦታ በሁለት ሰዓት ይሞሉልኛል» ያላችሁኝ አላችሁ። ባዶ የነበረ ባትሪ በሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በኃይል ከተገፋ ውስጡ ይጎዳል እንጂ።

የአይሱዙ ባለቤቶች ጉዳይ ለየት ይላል። የእናንተ መኪና 24 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ባትሪዎች በሲሪየስ፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዘዋል። ለቴፕ ብላችሁ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ስትቀዱ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል። ዲናሞው ግን የሚሞላው ሁለቱን በአንድነት ስለሆነ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃውን ይጨርሳል። «የሸጥክልኝ ባትሪ እኩል አላረጀም» ብላችሁ የተቆጣችሁብኝ አብዛኞቻችሁ ሽቦው ከአንዱ ብቻ የተቀዳባችሁ ናችሁ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር እናስገባላችኋለን፤ ባትሪ ስትቀይሩም ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ።

በ12 ቮልት መኪና ሁለት ባትሪ የምትፈልጉትን አሁንም እናስተናግዳለን፤ ዓይነታቸው፣ መጠናቸውና ዕድሜያቸው አንድ ይሁን እንጂ። ወፍራም ኬብል እንዘረጋለን፣ በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ እናስገባለን፣ መሐል ላይ የሚለያይ ሪሌ እንገጥማለን። ሞተር ተነስቶ ቮልቱ ከ13 ሲያልፍ ሪሌው ያገናኛቸዋል፣ ሞተር ሲጠፋ ይለያያቸዋል። ሞንታርቦው ሲጮህ ቢያመሽ እንኳ የማስነሻው ባትሪ ሳይነካ ያድራል። ይህን ሥራ በኩራት ነው የምሠራው።

ዋጋ መጨመራችን እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ሪሌውም ኬብሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። የተጨመረውን ሁሉ በእናንተ ላይ አልጫንንም፤ ከእኛም ድርሻ ተቀንሷል። ይህን ማመን አለማመን የእናንተ ነው፣ ግን ብታምኑኝ ደስ ይለኛል።

ሁለት ባትሪ አገናኝታችሁ የምትነዱ ሁሉ፣ የትም የተሠራ ይሁን፣ መኪናውን አምጡት፤ ሁለቱንም ለያይተን ቮልታቸውን ያለ ክፍያ እንለካላችኋለን። ባትሪ ለማሳደር ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትረከባላችሁ። ተቀይማችሁ ወደ ሌላ የሄዳችሁም ብትሆኑ ኑ፤ የምናውሰው ባትሪ አሁንም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባትሪ ቤቱ ባለቤት
ዓለም ገና