ለግራ እጄ የደረሳችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ

የተከበራችሁ የጎንደር ወገኖቼ፣ በሩቅም በቅርብም ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአሥር ወር በኋላ፣ ድራም ላይ ተቀምጬ አንድ ሙሉ ዘፈን ቀረጽኩ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ቀን ያበቃችሁኝን ላመሰግን ነው። ስማችሁን እየጠራሁ ባመሰግን ደስ ባለኝ። ብዙዎቻችሁ ግን «ስማችን እንዳይነሳ» ስላላችሁኝ፣ በሥራችሁ እጠራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ስቱዲዮ ገብቶ ለሌላ ሰው ዘፈን ድራም መምታት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሠርግ ላይ ጨፍራችሁበት፣ ሚኒባስ ውስጥ አብራችሁት አንጎራጉራችሁ ይሆናል፤ የመታውን ሰው ግን አታውቁትም። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ሙያው እንዲህ ነው። የማይክል ጃክሰንን «ቢት ኢት» ያልሰማ የለም፤ እዚያ ላይ ድራሙን የመታው ጄፍ ፖርካሮ መሆኑን ግን ስንት ሰው ያውቃል?

ፖርካሮ መምህሬ ነው እላለሁ፣ ዓይኑን ሳላየው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1992፣ ገና በ38 ዓመቱ ሲያርፍ እኔ ሕፃን ነበርኩ። ከእሱ ያስተዋወቀኝ አንድ አገር ጎብኚ ሆቴል ውስጥ ትቶት የሄደ ካሴት ነው። ፖርካሮ ድራም ይመታበት የነበረው ቶቶ የተባለው ባንድ በ1982 ያወጣው «ሮዛና» የተሰኘ ዘፈን ካሴቱ ላይ ነበር። ሪባኑ እስኪሳሳ ሰማሁት። ምቱ በሦስት በሦስት የተከፈለ ነው። ቀኝ እጅ ሃይ ሃቱ (ጥንዱ ሳህን) ላይ የሦስቱን ፊተኛና ኋለኛ ይይዛል፤ መሃለኛውን ግራ እጅ ስኔር በሚባለው ትንሽ ከበሮ ላይ በቀስታ ይሞላዋል። ስቲኩ (መምቻው ዱላ) ከቆዳው ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም። እነዚህን ቀስ ያሉ ምቶች «ጎስት» እንላቸዋለን። ቢጎድሉ ግን ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። በእኛ ችክችካ ላደገ ልጅ በሦስት መከፈሉ እንግዳ አልነበረም፤ ሰውነቴ ቶሎ ተቀበለው። ግራ እጄ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል።

ፖርካሮን ከሁሉ በላይ የምወደው ስለ አንድ ነገር ነው። ያንን ምት ሲያስተምር «የእኔ ነው» አላለም። ከድራም መቺዎቹ ከበርናርድ ፐርዲና ሌድ ዜፕሊን ከተባለው ባንድ ጆን ቦንሃም እንደወሰደው ስማቸውን እየጠራ ተናገረ። እኔም የማንን ውለታ እንደተሸከምኩ በአደባባይ መናገር አለብኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠ። ግራ የእጄ አንጓ ተሰበረ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «ወለምታ ነው» ብለው አሽተው መለሱኝ፤ ያንን አላነሳውም፣ አልፏል። በሳምንቱ ጣቶቼ አብጠው አልታጠፍ ሲሉኝ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና አድርገው ብረት አስገቡልኝ። ያንን ሌሊት አብራችሁኝ ያደራችሁ ነርሶች፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ።

ፊዚዮቴራፒ የሠራሽልኝ እህቴ፣ የአንቺን ነገር ረዘም አድርጌ ልናገር። የመጀመሪያ ቀን «ስትመታ አሳየኝ» ብለሽ የአልጋውን ጠርዝ አስመታሽኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ፎጣ መጭመቁን፣ ኳስ መጨበጡን ሁሉ ለዚያ ምት እንዲሆን አድርገሽ አዘጋጀሽው። በሦስተኛው ወር ጠንካራው ምት ተመለሰልኝ፤ እኔ ደስ ብሎኝ «ዳንኩ» ስልሽ አንቺ ዝም አልሽ። እውነትሽን ነበር። በኃይል መምታት ቀላሉ ነው። ስቲኩን ሁለት ጣት ብቻ አንስቶ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ነካ አድርጎ መመለስ አቃተኝ። እጄ ወይ ይጮሃል ወይ ጭራሽ አይሰማም። ቤት ገብቼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ታላቅ እህቴ በየዓርቡ የድፎ ዳቦ ሊጥ አቀረበችልኝ። በግራ እጅ ብቻ እንዳቦካ፤ ጠንከር ሲል ውኃ እየጨመረች፣ ላላ ሲል ዱቄት እየነሰነሰች። ዳቦው ብዙ ጊዜ ጎርበጥባጣ ነበር፤ ልጆቿ ያለ ቅሬታ በሉት። እናንተንም አመሰግናለሁ፣ ልጆቼ።

የሰፈራችን የኔታ፣ እጅዎን እስማለሁ። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዜመው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አገር ናት፤ በአታ ለማርያም ምስክር የሆነችበት ትምህርት ነው። ያደግኩት በጥምቀት ወረቡን እየሰማሁ፣ ከበሮው በዝግታ ተነስቶ ሲግል ልቤ አብሮ እየገሰገሰ ነው። ተስፋ ቆርጬ ደጅዎ ስቀመጥ «ልጄ፣ መረግዱን ሳታደርስ ጽፋት የለም» አሉኝ፤ ዝግተኛውን ሳታደርስ ፈጣኑ የለም ማለትዎ ነው። ከዚያ ጉልበቴ ላይ በመዳፌ እንድመታ አደረጉኝ፤ በጣም ዝግ ብሎ፣ እርስዎ በመቋሚያዎ መሬቱን ነካ እያደረጉ። ለአንድ ወር ያህል ከዚያ ፍጥነት አላሳለፉኝም። ጎስቶቹ የተመለሱት እዚያ፣ በእርስዎ ደጅ ነው።

አዝማሪ ቤት ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የአንድ ሌሊት ሽልማታችሁን በሙሉ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላካችሁልኝ። እናንተም በዚያው እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያን ሌሊት በማሲንቆ የወረዳችሁት ግጥም ጆሮዬ ደርሷል፦

«አንድ እጁ ቢሰበር ምን አስጨነቃችሁ፣
እጅ ሞልቶ የለም ወይ እዚሁ ቤታችሁ።»

አዘዞ ያለኸው በያጅ ወንድሜ፣ ባጃጁ የጨፈለቀውን የቤዝ ድራም ፔዳል በአሮጌ የሞተር ሳይክል ኩሽኔታ ጠግነህ ከቀድሞው የተሻለ ለስላሳ አደረግኸው፤ ዋጋ ስጠይቅህም ጀርባህን ሰጥተህ ብየዳህን ቀጠልክ። የእናቴ ዕድርተኞች፣ የቤት ኪራዬን ለሁለት ወር እንደከፈላችሁ የነገረችኝ አከራዬ ናት። አቀናባሪዎቼ ደግሞ፣ በኪቦርድ ምት በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ «ሰውየው ይዳንልን» ብላችሁ አቆያችሁት። ሁለታችሁንም አልረሳችሁም።

በመጨረሻ አንተ። በእኔ ቦታ የመታኸው ወጣት። ሥራዬን በሙሉ ይዘህ መቅረት ትችል ነበር፤ ችሎታውም አለህ። አንተ ግን ከየቀረጻው ማግሥት ግማሹን ክፍያ በፖስታ አድርገህ ለእናቴ ትሰጥ ነበር። እሷ ከጓደኞቼ የተዋጣ መስሏት ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ማክሰኞ ዕለት ዝናቡ የስቱዲዮውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሁለት ጊዜ ቀረጻ አቆምን። ነሐሴ ነውና ምን ይደረጋል። ያኔ አንተ በሩ አጠገብ ቆመህ ነበር። በሦስተኛው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ክሊኩ (ፍጥነቱን የሚጠብቀው ቆጣሪ ድምፅ) በጆሮዬ ጀመረ፣ እኔም ገባሁ። ሲያልቅ አቀናባሪው የስኔሩን ድምፅ ብቻ ለይቶ ከፈተው። እዚያ ነበሩ፤ ቀስ ያሉት፣ መሃል መሃሉን የሚሞሉት፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ። ዞር ስል ዓይንህ እንባ አቅርሯል።

የመጪው ሳምንት ዘፈን የአንተ ነው፣ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ከሦስት ሰዓት በፊት ድረስ፤ የስኔሩን ቆዳ አብረን እንቀይረዋለን።