ያ የክርንህ እብጠት

ጌታው፣ እንዴት ከርመሃል? እኔም ጠፋሁ፣ አንተም ጠፋህ፣ ስለዚህ መወቃቀሱን እንተወው። ልጆቹስ? እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን።

ሰሞኑን ከእህትህ ጋር በስልክ ስናወራ ክርንህ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት እንደወጣብህ ነገረችኝ። «አያመኝም» እያልክ ዝም ብለሃል አሉ። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው አለማመሙ ነው፤ የሪህ ይመስለኛል። አባቴን ታስታውሰው የለ፣ ሪህ ሲነሳበት አውራ ጣቱን አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚጮኸው? ሲሻለው በሽታው የለቀቀው ይመስለው ነበር። አለቀቀውም። ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል እየሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ጅማት ላይ፣ ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ በተለይ እንደ እግር ጣትና ጆሮ ጠርዝ ያለ ቀዝቀዝ የሚል ቦታ ይወዳል። ሕመሙ ተነሳ አልተነሳ መከማቸቱ አይቆምም። ዓመታት ሲቆይ እንዳንተ ያለ እብጠት ይሆናል፣ ሐኪሞች ቶፈስ የሚሉት። የአባቴ ጣት ላይ የነበረው ፈንድቶ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣው ነበር። ዝም ከተባለ አጥንትም ይበላል፣ የኩላሊት ጠጠርም አለ።

ስለዚህ እባክህ መገጣጠሚያህን ባመመህ ቁጥር ዲክሎፌናክ እየገዛህ መዋጡን ተውና ታከም። እሱ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ክሪስታሉን አይነካውም፣ ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም። አሎፑሪኖል ነው ዩሪክ አሲዱን የሚያወርደው። እብጠት ያለበት ሰው ከ5 ሚሊግራም በታች ካወረደው የተከማቸው ራሱ ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ሰሞን ሕመሙ ሊቀሰቀስብህ ይችላል፣ ለዚያ ሐኪሙ ኮልቺሲን ሊጨምርልህ ይችላል፤ «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብለህ እንዳትጥለው። ሽፍታ ከወጣብህ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ወዲያው አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ዱለቱንና ድራፍቱን ቀንስ፣ ይሄን ማንም ይነግርሃል። ሽሮ ተው የሚሉህን ግን አትስማቸው፣ ጥራጥሬ እንደ ሥጋ አያባብሰውም። ደግሞ ሆዳም ተባልኩ ብለህ አትፈር፤ የአብዛኛው ሰው ችግር ኩላሊቱ ዩሪክ አሲዱን በደንብ አለማስወጣቱ ነው፣ በዘርም ይሄዳል።

የደም ምርመራውን ሕመሙ ባልተነሳበት ቀን አድርገው፣ ሲያምህ ከተለካ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ውጤቱን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ካልላክህ እህትህን ነው የምልክብህ።