ሕመማችንን የሚያውቅ ሐኪም የት እንዳለ ንገሩን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፋይብሮማያልጂያ ሕመምተኞች ሕመሙን የሚያውቅ ሐኪም እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምር መምህርት ነኝ። ፋይብሮማያልጂያ የሚባል ሕመም አለብኝ። ስሙን እስክሰማ ድረስ ዓመታት አልፈዋል። የነገሩኝን ሐኪም ያገኘኋቸው በሪፈር አይደለም፣ በማስታወቂያም አይደለም። ለቅሶ ቤት ነው። የሥራ ባልደረባዬ እህት ስለ ራሷ ሕመም ስታወራ ሰማሁና ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። ስልክ ሰጠችኝ። በቃ።

ስለዚህ ሐኪም የለም ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። አለ። ግን የት እንዳለ የሚታወቀው ለቅሶ ቤት ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ግን መልስ አያገኝም። የምለምናችሁ ይህ እንዲስተካከል ነው።

ደብዳቤውን መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ሐኪም ላይሆን ይችላልና ሕመሙን ላስተዋውቅ። መላ ሰውነት ያማል። አንድ ቀን ትከሻ፣ ሌላ ቀን ዳሌ፣ አንዳንዴ ሁሉም ባንድ ላይ። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ጠዋት እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል። ቃል ይጠፋል። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅተኝ ጊዜ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም እረሳለሁ። ጠመኔ ይዞ እጅን ከትከሻ በላይ ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስግደት ከተውኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ግን መገጣጠሚያ አያብጥም። ራጁ ንጹሕ፣ ደሙ ንጹሕ። ችግሩ አንጎልና ኅብለ ሠረሠር የሕመም ስሜትን የሚያስተናግዱበት መንገድ ላይ ነው። ሬዲዮ ድምፁ ተጨምሮ እዚያው ተጣብቆ ሲቀር እንደማለት ነው፤ ትንሹም ንክኪ ጮኾ ይሰማል።

በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ከሁለት እስከ አራት የሚሆነው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ሴቶች ይበዛሉ። ዝቅተኛውን ግምት ይዘን ለአዋቂዎቻችን ብቻ ብናሰላው እንኳ በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ብዙው ታይፎይድ ነው እየተባለ ይታከማል።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። "ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ" ያለ ሰው ደም ይሰጣል፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ይሠራለታል፣ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከያ የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታሞ የዳነውም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ይህን ለእናንተ ማስተማሬ አይደለም። ግን ትኩሳት የሌለውን፣ ለወራት ያመመውን ሰው በአንድ ዊዳል መሸኘት ምን የሚሉት ነው? ወረቀት ስለሚሰጥ ይመስለኛል። ወረቀት ሲኖር ሐኪሙም በሽተኛውም ደስ ይላቸዋል።

አንቲባዮቲኩ ካልሠራ ሪህ ይባላል። ከዚያ ነርቭ። ከዚያ ብርድ መቷት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው"። በየመሐሉ ዲክሎፌናክ መርፌ አይቀርም። ዲክሎፌናክ የሚያበርደው ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣትና ማበጥ ነው፤ ፋይብሮማያልጂያ ደግሞ የብግነት በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሕመሙ ባለበት ይቀመጣል፣ ሲደጋገም ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ብግነትን የሚያበርዱት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንም ለዚህ ሕመም አይመከሩም፤ እየታዘዙ ግን ነው።

ሪፈር ሲጻፍስ ለማን ይጻፍ? አንገቷን ያመማት ወደ አጥንት ሐኪም፣ እጇ የደነዘዛት ወደ ነርቭ ሐኪም፣ ሆዷን የሚቆርጣት ወደ ውስጥ ደዌ፣ እንባዋ የመጣ ወደ አእምሮ ሐኪም። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ አይቶ "በእኔ በኩል ደህና ነሽ" ይላል። ዋሽቶም አይደለም። ሁሉንም ባንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ነው የጠፋው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ መች ደበቅን? ላገኘነው ሁሉ ተናገርን እንጂ።

አሁን ለቅሶ ቤት የተገኙት ሐኪም ያደረጉትን በዝርዝር ልንገራችሁ። ልመናዬ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናቸው። ራጅና ኤምአርአይ የሞላውን ፌስታሌን አንድ በአንድ አዩና ወደ ጎን አደረጉት። ነጭ ወረቀት ስበው በእስክሪብቶ የሰው ምስል ሣሉ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። "ባለፈው ሳምንት ያመመሽን ቦታ ሁሉ አጥቁሪው" አሉኝ። አጠቆርኩ። ስጨርስ ምስሉ ካባ የለበሰ መሰለ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ስትነሺ አርፈሽ ነው የምትነሺው? ነገር ትረሻለሽ? ራስ ምታትስ? የሆድ ቁርጠትስ? እየጠየቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ አይጽፉም። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ትከሻዬን፣ ክርኔን፣ የጉልበቴን የውስጥ ጎን ተጫኑ። ጥፍራቸው ነጭ እስኪሆን ብቻ ነው፣ ከዚያ አያልፉም። አራት ኪሎ ገደማ የሚሆን ግፊት ነው አሉ፤ ጤነኛ ሰው መጫኑ ይሰማዋል እንጂ አያመውም። እኔ ከአልጋው ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ሌላ በሽታ እንዳያመልጣቸው ደግሞ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና ብግነት መኖሩን የሚያሳየውን የኢኤስአር ምርመራ አዘዙ። ያ ሲመጣ ስሙን ነገሩኝ።

መሣሪያው አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ አውራ ጣት ነው። የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ይህ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ ማለትም የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት 18 ነጥቦች ተጭነው ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 መጫኑ ግዴታ መሆኑ ቀረና በጥያቄ ተተካ። በ2016 እንደገና ተሻሻለ፦ 19 የሰውነት ቦታዎች፣ ድካም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍ፣ የማሰብና የማስታወስ ችግር፣ ይህም ቢያንስ ለሦስት ወር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን የቻለ ቦታ አግኝቷል፤ ፋይብሮማያልጂያም እዚያ ውስጥ አለ። ሕመሙ አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር አብቅቷል ማለት ነው። ዜናው እኛ ዘንድ አልደረሰም እንጂ።

ሐኪሙ ብቻ ማወቁም አይበቃም። እኔ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ፣ ማታ ማታ፣ በትንሽ መጠን። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው። ፋርማሲ ስሄድ ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች። "እህቴ፣ ይሄ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው። ማነው ያዘዘልሽ?" ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሰልፉ በሙሉ ዘወር አለ። እኔ ተብራርቶልኝ ስለነበር ገዝቼ ሄድኩ። ያልተብራራለት ሰው ግን እዚያው ትቶት ይወጣል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ካሉት ሁሉ ርካሹ ነው። ለዚሁ ሕመም ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲን የሚባሉ መድኃኒቶች የታዘዙላቸው የማውቃቸው ሴቶች ከዋሽንግተን ዘመድ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሕክምና በሻንጣ እስከ መቼ?

ከመድኃኒት በላይ የሚሠራው ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት በ2016 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ምክሩ "በጽኑ" የደገፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የአካል ብቃት እንቅስቃሴ። ግን በር ላይ "ስፖርት ሥሪ" ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። አንድ ቀን ከአቅሙ በላይ የሠራ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይተኛል፣ ከዚያ ወዲያ ስፖርት የሚባል ነገር ሊሰማ አይፈልግም። እኔን የረዳችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጀመረችው ሰፈር ሱቅ ደርሶ በመመለስ ነው። "ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጨምሪ" የሚለው ቁጣዋ ከብዙ ክኒን በልጦብኛል።

እና ምን እንድታደርጉ ነው የምጠይቀው? ሕንፃ አይደለም። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት በአገራችን በጣት የሚቆጠር መሆኑን አውቃለሁ፤ እነሱም የከበዱ በሽታዎች አሉባቸው። እኛን ሁላችንንም ይዩን ማለት ሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ) እና የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን ሰዎች ወረፋ መንጠቅ ነው። እኛን ማየት ያለበት በቅርባችን ያለው ጠቅላላ ሐኪምና ጤና መኮንን ነው። ለዚያ ደግሞ መንገዱ በእጃችሁ አለ። ባለሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ አለበት። አንድ አጭር ኮርስ ጨምሩ፦ መላ ሰውነቱን ለወራት ያመመውን ሰው እንዴት እንደሚያዩት። ፋርማሲስቶቹንም አትርሷቸው። የአሜሪካኑን ኮሌጅ የ2016 መስፈርት መጠይቅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን በአንድ ገጽ አሰናዱት። በሽተኛው ወረፋ ሲጠብቅ ይሙላው፤ ወረፋ እንደሆነ አለን። ሐኪሙም ሲገባለት ግማሹ ሥራ አልቋል። ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው እንደሚያይና ደመወዙ ስንት እንደሆነ እናውቃለን፣ ተጨማሪ ሸክም እንዲሆንበት አንፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን ዝርዝር አውጡ። የትኛው የመንግሥት ሆስፒታል የሩማቶሎጂ ወይም የሕመም ክሊኒክ አለው? በየትኛው ቀን? ሪፈር ከየት ይጻፋል? የጤና መድን ይሸፍነዋል? ፊዚዮቴራፒስ የት አለ? ይህ በየጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ቢለጠፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ሚስጥር አይደለም፣ ግን እንደ ሚስጥር ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው።

የማይታወቅ ሐኪም ባለበት አገር የሚታወቅ ሻጭ አይጠፋም። ስልኬን ስከፍት "ነርቭን ከነሥሩ የሚነቅል" የሚል ቅባትና ዱቄት ይጠብቀኛል፣ ስልክ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ፣ ቤት ድረስ ማድረሻ በነፃ። ሐኪሞቻችሁ እንዲህ በቀላሉ ቢገኙ ምን አለበት? ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለው ማስታወቂያ ግን ሰው ያሳምናል። አንዲት ጎረቤቴ የእቁብ ገንዘቧን ሰጥታለች። ልፈርድባት አልችልም፣ ያመመው ሰው ምን ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፣ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር። ግን የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። "ምንም የለብሽም" የተባለች የፋብሪካ ሠራተኛ ምን ይዛ ትሂድ? የበሽታ ስም የሌላት ሴት መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ስሟ ሰነፍ ነው። ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ባል "ትናንት ደህና አልነበርሽ?" ይላል። አዎ፣ ትናንት ደህና ነበረች። ሕመሙ እንዲህ ነው፣ ይሄዳል ይመጣል። ይህን ለቤተሰብ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስንት ትዳር እንደሚያስታርቅ ብታውቁ።

መጠይቁን ስትተረጉሙ ቋንቋው ለተራ ሰው ይገባ እንደሆነ የሚሞክርላችሁ በሽተኛ ካስፈለገ፣ እኔና በዚህ ሕመም የተዋወቅኋቸው ጥቂት ሴቶች ፈቃደኞች ነን። አበል አንጠይቅም። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ግን ደስ ይለናል፤ ጠዋት ጠዋት ሰውነታችን ቶሎ አይላቀቅም። ወንበሩም መደገፊያ ያለው ቢሆን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት መምህርት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር
ስልኩን ለሰጠችኝ የባልደረባዬ እህት