የፊልም ክበብ፦ ሲባጎና ጠመኔ

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ በ22 አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። የኮሚቴ ምርጫውም የግማሽ ዓመት ሪፖርቱም በወቅቱ ተከናውኗል፤ ቃለ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አለ።

«ልጆቹ ፊልም እያዩ ጊዜያቸውን ያባክናሉ» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ያዩትን ልንገራችሁ። አሜሪካዊው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1924 ያዘጋጀው፣ ራሱም የተወነበት «ሼርሎክ ጁኒየር» 45 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነው። በሌላ ጊዜ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ጓደኞቻቸውን የሚያስተረጉሙ ልጆች በዚያ ቀን ማንንም አልጠየቁም።

በፊልሙ ውስጥ አንድ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ፊልም እያጫወተ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሕልሙም ሸራው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቦታው ይለዋወጥበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ልቀመጥ ሲል መኪና የሚተራመስበት መንገድ ላይ ዱብ ይላል፤ ከዓለት ላይ ወደ ባሕር ሲወረወር በረዶ ውስጥ በጭንቅላቱ ይተከላል። ኪተን ይህን የሠራው ከካሜራው እስከ ቆመበት ያለው ርቀት በየቦታው አንድ ዓይነት እንዲሆን በጥንቃቄ እያስለካ ነው። ካሜራውን ፊቱ ላይ ማስጠጋትም አያበዛም፤ መላ ሰውነቱ ከነአካባቢው ካልታየ መውደቁን ማን ያምነዋል? በዚሁ ፊልም የውሃ ጋን ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃው ሲወርድበት አንገቱ ተጎድቷል፤ አጥንቱ መሰንጠቁን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከምንም ላይ መዝለል ከለከልኳቸው።

በሳምንቱ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ የኪተንን ዘዴ ሊሞክር ሲባጎ ይዞ መጣ። ዓመቱን ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመድ ከመዘርጋት በቀር ድምፁን ያልሰማነው ልጅ ነው። ሲባጎው ሁለት ቋጠሮ አለው፤ አንዱ ስልኩ ጋ፣ አንዱ የተዋናዩ ጫማ ጋ። ስልኩን ዴስክ ላይ በፕላስተር አጣብቀው፣ ዴስኩን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ወደ ኳስ ሜዳው ተሸክመው አመላለሱት። በየቦታው የጫማውን ዙሪያ በጠመኔ፣ ሣሩ ላይ ደግሞ በእንጨት አሰመረ። «ግራ እግርህን! ትንሽ ወደ ውስጥ!» እያለ ሲጮህ ቆሜ አዳመጥኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጹ።

ሐሙስ ዕለት ስናየው፣ ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ያጎነበሰው ልጅ ሣሩ ላይ ቁጭ ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ኋላ መልሶ ጫማውን ብቻ አየና «መምህር፣ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። ነገ ልድገመው?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ሁለት ሐሙስ መብራት ጠፍቶብናል። ሚያዝያ ላይ ፕሮጀክተሩ ስለተበላሸ ለወላጆች ቀን ያሰብነው ዝግጅት ቀርቷል። ለስፖርት ክበብ አዲስ መለያ ሲገዛ አብረን ተደስተናል፤ የእኛ የካሜራ ማቆሚያ ጥያቄ ግን አራት ዓመት ሆነው። ወላጅ መምህር ኅብረት ማቆሚያውንና የፕሮጀክተሩን ጥገና በመስከረም ቢያጸድቅልን፣ ያን ትዕይንት በአምስት ቦታ እንደገና እንቀርጸዋለን። ቦታዎቹን ልጁ መርጦ ጨርሷል።